የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ሐኪም ኦላጁዎን፣ ከሌጎስ በረኛነት እስከ አትላንታ ወርቅ

ባለፈው እትማችን በኦሊምፒክ ስለተሰለፉ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ጥያቄ ያላችሁ አንባብያን እንድትጽፉልን ጋብዘን ነበር። ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት በአንድ ሰው ላይ ያተኮሩ ሆነው አገኘናቸው፤ እርሱም በናይጄሪያ ተወልዶ በ1996 በአትላንታ ኦሊምፒክ ለአሜሪካ ተሰልፎ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው ሐኪም ኦላጁዎን ነው። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእርሱ ሰጥተነዋል፤ የሚመሳሰሉትንም ጥያቄዎች አንድ ላይ አጣምረናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በአዳማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 የደረሰ የ16 ዓመት ተማሪ አለኝ፤ ልጁ በእግር ኳስ በረኛ ሆኖ ከመቆም በቀር የቅርጫት ኳስ ነክቶ አያውቅም። ላሰለጥነው ብነሣ ባልደረቦቼ “ጊዜው አልፎበታል” አሉኝ። ኦላጁዎን የጀመረው በ15 ዓመቱ ነው ሲባል ሰምቻለሁ፤ እውነት ከሆነ እንዴት ሊሳካለት ቻለ?

መልስ፦ መምህር፣ የሰሙት እውነት ነው። ኦላጁዎን ጃንዋሪ 21 ቀን 1963 በሌጎስ ከተማ በሲሚንቶ ንግድ ከሚተዳደር የዮሩባ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የሚጫወተው እንደ እርስዎ ተማሪ እግር ኳስ ነበር፤ ቦታውም በረኛነት ነበር። በትምህርት ቤት ደግሞ የእጅ ኳስ ተጨመረበት። በቅርጫት ኳስ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው 15 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ስለነበረው አለማወቅ የሚነገር አንድ ወግ አለ፤ አሰልጣኙ ኳስን ከላይ ወደ ቅርጫት መክተት ምን እንደሚመስል ወንበር ላይ ቆሞ ቢያሳየው፣ ልጁም ተራው ሲደርስ ሕጉ እንደዚያ መስሎት ወንበሩ ላይ ሊወጣ ተነሣ ይባላል። ከወንበሩ ውረድ ከተባለ በኋላ ግን ያን ሁሉ ቁመት ይዞ ኳሷን መክተት አቃተው።

ይህ ወግ ሲነገር የሚዘለል ነገር አለ። ልጁ ለቅርጫት ኳስ አዲስ ነበር እንጂ ለሜዳ አዲስ አልነበረም። በረኛ የሆነ ሰው የሚመጣን ኳስ አቅጣጫ አስቀድሞ ማንበብን፣ ሰውነቱን በአንድ ቅጽበት ወደ ጎን መወርወርን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጥቂው አንድ ወገን እያሳየ በሌላው ሊመታ እንደሚችል ጠርጥሮ ቶሎ አለመንቀሳቀስን ለዓመታት ይለማመዳል። የእጅ ኳስ በበኩሉ ኳስን በእጅ ይዞ በጥቂት እርምጃ ማሰብን ያስተምራል። በረጃጅም ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የምናየው ድክመት እግራቸው የቁመታቸውን እድገት አለመከተሉ ነው፤ ገና በልጅነታቸው ከቅርጫቱ ሥር እንዲቆሙ ስለሚታዘዙ ከዚያ ውጭ የሚንቀሳቀሱበት ምክንያት አያገኙም። ኦላጁዎን ከዚህ የዳነው፣ በእኔ ግምት፣ ቅርጫት ኳስን ዘግይቶ በመጀመሩ ነው። በሥራ ዘመኑ መጨረሻ የተመዘገቡት ቁጥሮች የዚያን በረኛ ማንነት ያሳያሉ፤ 3,830 ኳሶችን በአየር ላይ በማገድ የአሜሪካ ሙያተኞች የቅርጫት ኳስ ሊግ የሆነው የኤንቢኤ ክብረ ወሰን ባለቤት ሲሆን፣ ከ2,000 በላይ ኳስ ያገደና ከ2,000 በላይ ኳስ ከተጋጣሚ እጅ የነጠቀ ከእርሱ በቀር ሌላ ተጫዋች የለም። ረጅም ሰው ኳስ ያግዳል፤ ኳስ የሚነጥቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፈጣኑና አጭሩ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰው ላይ ማግኘት ብርቅ ነው።

ሁለተኛው የሚዘለለው ነገር የጥበቃው ዘመን ነው። በ1980 ወደ ሂዩስተን ዩኒቨርሲቲ የሄደው ብዙ ኮሌጆች ተሻምተውበት ሳይሆን፣ ሲጫወት ያየው አንድ ሰው ለአሰልጣኝ ጋይ ሉዊስ ስለጠቆመው መጥቶ ራሱን እንዲያሳይ ተጋብዞ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበለው ሰው አልነበረም፤ ስልክ ቢደውል ታክሲ ይዘህ ና ተባለ። የመጀመሪያውን ዓመት በውድድር ሳይሰለፍ አሳለፈ፤ በሁለተኛውም ዓመት ከተቀያሪ ወንበር እየተነሣ የሚገባ ተጫዋች ብቻ ነበር። ይበልጥ ለመሰለፍ ምን ማድረግ እንዳለበት አሰልጣኞቹን ሲጠይቅ የተሰጠው ምክር በከተማው ከሚኖረው ከሞሰስ ማሎን ጋር እንዲለማመድ ነበር። ማሎን በወቅቱ የሂዩስተን ሮኬትስ ተጫዋችና የኤንቢኤ የዓመቱ ኮከብ ነበር። በፎንዴ መዝናኛ ማእከል በበጋው ወራት አንድ ለአንድ ሲገጥሙ፣ ማሎን የ19 ዓመቱን ልጅ በትከሻው እየገፋ፣ የሳተውን ኳስ ራሱ ደግሞ እየያዘ፣ የረጃጅሞችን ጨዋታ ሻካራ ገጽታ አሳየው። ኦላጁዎን ራሱ ከሌላ ከማንም በላይ ያሻሻለኝ እርሱ ነው ይላል።

ውጤቱ ወዲያው ታየ። ሂዩስተን ከ1982 እስከ 1984 በተከታታይ ሦስት ዓመት ከመጨረሻዎቹ አራት የኮሌጅ ቡድኖች አንዱ ሆነ። በ1983 ፍጻሜ በመጨረሻዋ ሰኮንድ ኖርዝ ካሮላይና ስቴት ርቆ የተወረወረና ያጠረ ኳስ ሎሬንዞ ቻርልስ ከአየር ላይ ቀልቦ ከተተው፤ ሂዩስተን 54 ለ52 ተሸነፈ። ቢሸነፉም የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተመረጠው ኦላጁዎን ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ፓትሪክ ዩዊንግ ባለበት ጆርጅታውን 84 ለ75 ተረቱ።

ስለዚህ፣ መምህር፣ ለባልደረቦችዎ የሚሰጡት መልስ ይህ ይሁን፦ ጊዜው አላለፈም፤ ነገር ግን አጭር መንገድም የለም። ልጁን ከበረኛነት ቶሎ አያስወጡት፤ ጎን ለጎን ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ቅርጫቱን ትተው እግሩ ላይ ይሥሩ፤ መቆምን፣ በአንድ እግር ዞሮ መመለስን፣ በሁለቱም እግር መነሣትን ያስተምሩት። ከእርሱ የሚበልጥና የማይራራለት አንድ ታላቅ ተጫዋች በከተማው ካለ ደግሞ ይፈልጉለት።

ጥያቄ፦ በኮሌጅ ዘመኔ ሴንተር፣ ማለትም ከቅርጫቱ አጠገብ የሚጫወት ረጅም ተጫዋች፣ ሆኜ ተጫውቻለሁ። “ድሪም ሼክ” የሚባለውን የኦላጁዎንን ማታለያ በቪዲዮ ደጋግሜ ባየውም ልደርስበት አልቻልኩም። በአንድ አፍታ ስንት ነገር ነው የሚያደርገው? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አስቀድሞ ስሙን እናፍታ። “ድሪም”፣ ማለትም “ሕልም”፣ የሚለውን ቅጽል ያገኘው በዩኒቨርሲቲ ሳለ ነው፤ ኳስ ሲከት ምንም ጉልበት ያወጣ ስለማይመስል አሰልጣኙ ሕልም ይመስላል ብለው ነበር። “ሼክ” ደግሞ ማወዛወዝ፣ መነቅነቅ ነው።

እንቅስቃሴው አንድ ሳይሆን የብዙ እንቅስቃሴዎች ቤተሰብ ነው፤ ለዚህም ነው እንደ አንድ ነገር አድርገው ሊይዙት ሲሞክሩ የሚያመልጥዎት። ተጫዋቹ ጀርባውን ለቅርጫቱ ሰጥቶ ከሜዳው መጨረሻ መስመር አጠገብ ኳስ ይቀበላል። ተከላካዩ ከኋላ ተደግፎታል። ኦላጁዎን በትከሻውና በራሱ ብቻ ወደ መሐል ሜዳ የሚዞር ያስመስላል፤ ኳሷንም ወደዚያው ወገን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እግሩ ግን አልተነቃነቀም። ተከላካዩ ግማሽ እርምጃ ወደዚያ ካዘነበለ፣ ኦላጁዎን በቆመችው እግሩ ወደ መስመሩ በኩል ዞሮ ወደ ኋላ እያዘነበለ ይተኩሳል። ተከላካዩ ይህን አንዴ ካየና በሚቀጥለው ጊዜ ለማገድ ከዘለለ ደግሞ መተኮሱ ራሱ ማታለያ ይሆናል፤ ኦላጁዎን ኳሷን ከፍ አድርጎ አሳይቶ ይመልሳትና፣ በአየር ላይ በተንሳፈፈው ሰው ክንድ ሥር አልፎ በሌላው ወገን ያስገባል።

ምሥጢሩ ያለው በቆመችው እግር ላይ ነው። ሕጉ ኳስ የያዘ ተጫዋች አንዱን እግር መሬት ላይ ተክሎ በሌላው የፈለገውን ያህል እንዲዞር ይፈቅዳል፤ የተተከለችው እግር ተነሥታ ኳሷ ከእጅ ሳትወጣ ደግማ ካረፈች ግን ጥፋት ነው። አብዛኛው ረጅም ተጫዋች ይህን ሕግ የሚያየው እንደ እስራት ነው። ኦላጁዎን ግን በእግር ኳስ ሜዳ ኳስ ይዞ ሲመጣ ሰውነቱን እያወዛወዘ በረኛን የሚያስተኛ አጥቂን እያየ ያደገ ሰው በመሆኑ፣ ተከላካዩ ማየት ያለበት ትከሻን ሳይሆን እግርን መሆኑን ያውቃል፤ ትከሻ ይዋሻል። ራሱም ይህ እንቅስቃሴ ከእግር ኳስ የመጣ መሆኑን ደጋግሞ ተናግሯል። እርስዎ በቪዲዮው ላይ ቀና ብለው እጁን እየተመለከቱ ከሆነ፣ እንደ ተከላካዮቹ እርስዎም ተታለዋል፤ ከወገብ በላይ ያለውን በወረቀት ሸፍነው እንደገና ይመልከቱት።

ምርጡን ናሙና የሚያገኙት በ1995 የምዕራብ ምድብ ፍጻሜ ነው። የሳን አንቶኒዮው ዴቪድ ሮቢንሰን በዚያ ዓመት የኤንቢኤ ኮከብ ተብሎ ተመርጦ ዋንጫውን በዚያው የስድስት ጨዋታ ግጥሚያ መካከል በኦላጁዎን ፊት ተቀበለ። ኦላጁዎን በስድስቱ ጨዋታዎች በአማካይ 35.3 ነጥብ አስቆጠረበት፤ የእርሱ ቡድን ሂዩስተን ሮኬትስም 4 ለ2 አሸነፉ። ሮቢንሰን ደካማ ተከላካይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላስገረመ፤ ነገር ግን ከዘመኑ ፈጣንና ብልህ ተከላካዮች አንዱ ነበር፤ እየዘለለ ባዶ አየር ሲያግድ ማየት እስከ ዛሬ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ በ1984 ማይክል ጆርዳን እያለ ኦላጁዎንን መምረጥ ስሕተት አልነበረም? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አልነበረም። የኤንቢኤ ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ ይመርጣሉ፤ ሮኬትስ በዚያ ዓመት የመጀመሪያውን ምርጫ ያገኙት ከፖርትላንድ ጋር ሳንቲም ተወርውሮ ነው፤ ኦላጁዎንን ወሰዱ። እስከ ዛሬ የሚታማው በሁለተኛው ምርጫ ሳም ቦዊን የወሰደው ፖርትላንድ ነው፤ ጆርዳን ሦስተኛ ሆኖ ለቺካጎ ተረፈ። ሂዩስተን በኦላጁዎን ሁለት ዋንጫ አገኘ። በ1993–94 ደግሞ የዓመቱ ኮከብ፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይና የፍጻሜው ኮከብ ሆነ፤ ሦስቱን በአንድ የውድድር ዘመን ያገኘ ሌላ ተጫዋች የለም። በዚያ ዓመት ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ላይ የኒውዮርኩ ጆን ስታርክስ ዋንጫውን ሊያስገኝ የሚችል ባለሦስት ነጥብ ኳስ በመጨረሻዋ ሰኮንድ ሲተኩስ፣ ኦላጁዎን በጣቱ ጫፍ ነካት፤ ሮኬትስ 86 ለ84 አሸንፈው ሰባተኛውን ጨዋታ አገኙ፤ እርሱንም አሸነፉ። በ1995 በምድባቸው ስድስተኛ ደረጃ ይዘው ጀምረው፣ ከዩኒቨርሲቲ ጓደኛው ከክላይድ ድሬክስለር ጋር የሻኪል ኦኒልን ኦርላንዶ ማጂክ 4 ለ0 ረቱ። በእነዚህ ሁለት ዓመታት ጆርዳን አብዛኛውን ጊዜ ቤዝቦል ላይ ነበር የሚሉ አሉ፤ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ በ1995 ጨዋታ ላይ ተመልሶ ቡድኑ በኦርላንዶ መሸነፉንም አብሮ ማንሳት ተገቢ ነው።

ጥያቄ፦ በድሮ የስፖርት ካርዶች ላይ ስሙ ያለ “ሐ” ሆኖ “አኪም” ተብሎ ተጽፏል። የትኛው ነው ትክክል? (ከጅማ)

መልስ፦ “ሐኪም” ነው። አሜሪካ ሲደርስ የተመዘገበበት አጻጻፍ የመጀመሪያውን ፊደል የዘለለ ነበር፤ እርሱም ለአሥር ዓመት ያህል ዝም ብሎ ተጠራበት። በማርች 1991 ግን ትክክለኛው የዐረብኛ አጻጻፍ እንዲመለስለት ጠየቀ፤ በወቅቱም ስሜን እየቀየርሁ ሳይሆን እያረምሁ ነው ማለቱ ተዘግቧል። በዐረብኛ ቃሉ ጥበበኛ፣ ብልህ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ይኸው ቃል ለሕክምና ባለሙያው መጠሪያ ሆኖ ስለቀረ፣ አንድ የደብዳቤ ጸሐፊያችን “ዶክተር ኦላጁዎን” ብለው መጻፋቸው ፈገግ ቢያሰኘንም አልፈረድንባቸውም። የአባቱ ስም በዮሩባ ቋንቋ ሁልጊዜ ከላይ መሆን የሚል ትርጉም አለው፤ ለሴንተር ተጫዋች ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝም።

ጥያቄ፦ በረመዳን እየጾምሁ በክለባችን እሠለጥናለሁ። አሰልጣኛችን ጾምና ከባድ ስፖርት አይገናኙም ይላሉ። ኦላጁዎን በጨዋታ ቀን ይጾም እንደነበር ሰምቻለሁ፤ አልጎዳውም? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ይጾም ነበር፤ በጨዋታ ቀንም ጭምር። በኤንቢኤ የመጀመሪያ ዓመታቱ በሃይማኖቱ እንደዚያ ጥብቅ አልነበረም፤ ወደ ሠላሳ ዓመቱ እየተጠጋ ሲሄድ ግን ጸሎቱንና ጾሙን በአግባቡ መያዝ ጀመረ፤ የስሙ መታረምም ከዚሁ ጊዜ ጋር ይገጥማል። ከንጋት በፊት ተምር ይበላል፤ ብዙ ውኃም ይጠጣል፤ ከዚያ በኋላ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ፣ ቀን ላይ ጨዋታ ቢኖርም፣ ውኃ እንኳ አይቀምስም። በ1995 ረመዳን የጀመረው በፌብሩዋሪ መባቻ ሲሆን፣ ኦላጁዎን የዚያ ወር የኤንቢኤ ምርጥ ተጫዋች ሆኖ ተመርጧል። እርሱ በጾም ወራት ሰውነቴ ይቀልላል፣ ትኩረቴም ይበልጣል ይል ነበር።

ይህን የምናነሳው አሰልጣኝዎን ለመሟገት እንዲረዳዎት ብቻ አይደለም። ኦላጁዎን ሐኪሞችና የምግብ ባለሙያዎች የሚከታተሉት፣ ሙቀቱ በተስተካከለ አዳራሽ የሚጫወት፣ ጾሙም ከክረምት አጫጭር ቀናት ጋር የገጠመለት ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ረመዳን ካለፈ በኋላ፣ በማርች መጨረሻ፣ በደም ማነስ ምክንያት ከተወሰኑ ጨዋታዎች ውጭ ሆኗል። እርስዎ በኮምቦልቻ ቀትር ፀሐይ ላይ የሚሮጡ ከሆነ የአሰልጣኝዎ ስጋት ከንቱ አይደለም። በጾም ወር ከባዱን ልምምድ ከአፍጥር በኋላ ወደ ማታ ማዞር የሚቻል መሆኑን አብራችሁ ተነጋገሩበት፤ ማዞርና የዓይን ብዥታ ከተሰማዎ ደግሞ ልምምዱን አቁሙ።

ጥያቄ፦ በስሙ ርካሽ ጫማ ወጥቶ ነበር የሚባለው እውነት ነው? አሁንስ በምን ይተዳደራል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ እውነት ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የከዋክብት ጫማ ከ100 ዶላር በላይ በሚሸጥበት ጊዜ እርሱ ከስፖርት ዕቃ አምራቹ ከስፖልዲንግ ጋር ተስማምቶ ወደ 35 ዶላር በሚሸጥ ጫማ ላይ ስሙን አኖረ፤ ሠርታ ልጆቿን የምታሳድግ ድሃ እናት ያንን ሁሉ ገንዘብ ከየት ታመጣለች የሚል ነበር ክርክሩ። ጫማው የናይክን ያህል አልገነነም። በ2001 ወደ ቶሮንቶ ራፕተርስ ተዛውሮ አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተና በ2002 በጀርባ ጉዳት ምክንያት ጨዋታ አቆመ፤ ያን ዓመት መርሳት የሚመርጡ ብዙ የሂዩስተን ደጋፊዎች አሉ። ከዚያ በኋላ በሂዩስተን በመሬትና በሕንፃ ንግድ ተሰማራ፤ ወለድ በሃይማኖቱ ስለማይፈቀድለት ያለ ባንክ ብድር በጥሬ ገንዘብ እየገዛ ነው የሚነግደው። ኮቤ ብራያንትና ሌብሮን ጄምስን የመሳሰሉ ተጫዋቾችም የእግር አጣጣሉን ሊማሩ በየበጋው ቤቱ ድረስ ሄደዋል። በ2008 የቅርጫት ኳስ የዝና አዳራሽ ውስጥ ገብቷል።

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚህ የተወለደው ልጄ ለትምህርት ቤቱ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ እኔም አንድ ቀን የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሶ ባየው እመኛለሁ። ኦላጁዎን ናይጄሪያዊ ሆኖ ሳለ ለአሜሪካ እንዴት ሊጫወት ቻለ? የእርሱ መንገድ ለልጄ በተገላቢጦሽ ይሠራል?

መልስ፦ የኦላጁዎን ጉዳይ በቀላሉ ያለቀ አልነበረም። በ1980 ከሀገሩ ከመውጣቱ በፊት በናይጄሪያ ወጣቶች ቡድን ተሰልፎ ነበር፤ በዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ በፊባ፣ ደንብ ደግሞ ለአንድ ሀገር በይፋ የተጫወተ ሰው ለሌላ ሀገር እንዳይጫወት ይከለከላል። በ1992 የአሜሪካ ቡድን ጆርዳንንና ማጂክ ጆንሰንን ይዞ ወደ ባርሴሎና ሲሄድ ኦላጁዎን ገና አሜሪካዊ ዜጋ እንኳ አልነበረም፤ ስለዚህ ለየትኛውም ወገን ሳይሰለፍ ቀረ። ዜግነቱን ያገኘው ኤፕሪል 2 ቀን 1993 ነው። ከዚያም በኋላ ደንቡ ስላላለፈው፣ ለአትላንታ ኦሊምፒክ የተሰለፈው ፊባ በልዩ ሁኔታ ፈቃድ ስለሰጠው ነው።

ለልጅዎ ግን ጉዳዩ የተለየ ነው። በአሁኑ የፊባ ደንብ አንድ ብሔራዊ ቡድን፣ ከ16 ዓመት በኋላ ዜግነት ያገኘ ተጫዋች ከአንድ በላይ ሊያሰልፍ አይችልም። ከዚህ ዕድሜ በፊት የሀገሪቱን ፓስፖርት ያገኘ ሰው ከዚህ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ብዙ የአፍሪካ ብሔራዊ ቡድኖች ዛሬ የሚጠናከሩት በዚህ መንገድ ነው፤ በ2024 በፓሪስ ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆኖ ለኦሊምፒክ ሩብ ፍጻሜ የደረሰው የናይጄሪያ የሴቶች ቡድን ውስጥ በአሜሪካ ተወልደው ያደጉ ተጫዋቾች ብዙ ነበሩ። የኦላጁዎን ዘመን ጉዞ አቅጣጫውን ቀይሯል ማለት ይቻላል። የእኛ ችግር ያለው ከሀገራችን ሕግ ላይ ነው፤ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ጣምራ ዜግነትን አይቀበልም፤ ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው ቢጫ ካርድም ፓስፖርት አይደለም። ስለዚህ ልጅዎ የኢትዮጵያን ማሊያ ለመልበስ በመጀመሪያ ከሁለቱ አንዱን ዜግነት መምረጥ ይኖርበታል፤ ይህም ከቅርጫት ኳስ በላይ የሆነ ውሳኔ ስለሆነ እኛ የምንመክርበት አይደለም።

ኦላጁዎን ራሱ ስለ ምርጫው ተጸጽቶ ይሆን የሚል ጥያቄም በደብዳቤዎ መጨረሻ አንሥተዋል። በአደባባይ የተናገረው ስለ ሁለቱም ሀገሮቹ በክብር ነው። በአትላንታ በሌኒ ዊልከንስ አሰልጣኝነት ከሮቢንሰን፣ ከኦኒል፣ ከባርክሌይና ከፒፐን ጋር የተሰለፈው የ33 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ሦስት ታላላቅ ሴንተሮች በአንድ ቦታ ተደርበው ስለነበር የሚጫወተው አጭር ደቂቃ ነበር። ኦገስት 3 ቀን 1996 በጆርጂያ ዶም በተደረገው ፍጻሜ አሜሪካ ዩጎዝላቪያን 95 ለ69 አሸነፈች፤ ብዙውን ነጥብ ያስቆጠረውም ከዓመት በፊት ኦላጁዎን ያንገላታው ሮቢንሰን ነበር። እኛ ያን ኦሊምፒክ የምናስታውሰው ከስድስት ቀን በፊት በዚያችው ከተማ በማራቶን ባሸነፈችው በፋጡማ ሮባ ነው። ናይጄሪያውያን ደግሞ የሚያስታውሱት ሌላ ነገር ነው፤ ኦላጁዎን የአሜሪካን ማሊያ ለብሶ ወርቁን ባጠለቀበት በዚያው ቀን፣ ከአትላንታ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በአቴንስ ከተማ ሜዳ፣ በልጅነቱ በረኛ ሆኖ በተጫወተው ስፖርት፣ ናይጄሪያ አርጀንቲናን 3 ለ2 አሸንፋ የኦሊምፒክ የእግር ኳስ ወርቅ ወሰደች።